ከአሥር ሜትር ማማ የዘለሉት ሐኪም

ክረምት ሲገባ የኮልፌ ቀራንዮ እናቶችና አያቶች አንድ የጋራ ጭንቀት አለን። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ዝናቡ ይጠናል፣ ድንጋይ ሲወጣባቸው የኖሩ የካባ ጉድጓዶች ውኃ ይሞላሉ። ልጆች ደግሞ ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ሸሚዛቸውን ዳር ላይ ጥለው ወደዚያ የደፈረሰ ውኃ ይገባሉ። መጀመሪያ በእግራቸው ነው፤ ቀጥሎ ከዳር ይዘላሉ፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ ደፋር ከአፋፉ ላይ በጭንቅላቱ ይወረወራል፤ ሌሎቹም ያጨበጭቡለታል። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ክረምት በመጣ ቁጥር ወላጆችን የሚያስጠነቅቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

የእኛ የወላጆች መልስ ግን አንድ ብቻ ነው። «እንዳትደርስ!» እንላለን። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይሰማናል፤ ከሰዓት በኋላ ጸጉሩ ርሶ፣ ጭቃ ጭቃ እየሸተተ ይመለሳል። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ክልከላው ትክክል መሆኑን አውቃለሁ፤ ምክንያቱንም ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። ነገር ግን ያ ልጅ ከከፍታ ላይ ቆሞ ቁልቁል ውኃውን ሲያይ ልቡ ውስጥ የሚንቀለቀል ነገር አለ። እሱን በክልከላ ብቻ ማጥፋት አይቻልም። ያን እሳት ይዞ የት መድረስ እንደሚቻል ያሳዩ አንድ ሰው ስላሉ ዛሬ የእሳቸውን ታሪክ ላጫውታችሁ።

ሰውየው ዶክተር ሳሚ ሊ ይባላሉ። የጆሮ ሐኪም ነበሩ። ሁለት ጊዜ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቁ የውኃ ዘላይም ነበሩ። በዝላዩ እንጀራ አልበሉበትም፤ በዘመኑ አነጋገር አማተር ነበሩ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ። ደግሞም ልጅ ሳሉ «እሱ»፣ ሐኪም ሲሆኑ «እሳቸው» ብል ቅር እንዳይላችሁ፤ አንድ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና ሲያድግ ሌላ መላ አጣሁለት።

መጀመሪያ ስለ ስፖርቱ ጥቂት ልበል። ዳይቪንግ የሚባለው ይህ ውድድር ሁለት ዓይነት መዝለያ አለው። አንዱ ሲረገጥ የሚያነጥር ሰሌዳ ነው፤ በኦሎምፒክ ከውኃው 3 ሜትር ከፍ ብሎ ይተከላል። ሁለተኛው የማይነቃነቅ ማማ ነው፤ ከፍታው 10 ሜትር። ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ስታዩ አስቡት። ከዚያ የዘለለ ሰው ውኃው ላይ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ተኩል እንኳ አይሞላበትም፤ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀለበት መንገድ ላይ እንደሚሄድ ሚኒባስ። በዚያች ቅጽበት ውስጥ ይገለባበጣል፣ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ተዘርግቶ እንደ መርፌ ይገባል። ዳኞች ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡም በዝላዩ አስቸጋሪነት ይባዛል። ውኃው እንዳይረጭ አድርጎ መግባት ትልቁ ጥበብ ነው። በሆዱ ያረፈ ሰው ደግሞ ውኃ ሁልጊዜ ለስላሳ እንዳልሆነ ያን ቀን ይማራል።

ሳሚ ሊ የተወለደው በ1920 በካሊፎርኒያ፣ ፍሬስኖ በሚባል ከተማ ነው። ወላጆቹ ከኮሪያ የተሰደዱ ነበሩ። በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስ ተዛውረው አነስተኛ ምግብ ቤት ከፈቱ። በ1932 ኦሎምፒክ በከተማቸው ሲደረግ መንገዱ ሁሉ በባንዲራ ተሽቆጥቁጦ ነበር፤ ሳሚ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነው። ባንዲራዎቹ ምን እንደሆኑ አባቱን ጠየቀ። አባትየው ኦሎምፒክ ምን እንደሆነ ሲነግሩት፣ እኔም አንድ ቀን የኦሎምፒክ አሸናፊ እሆናለሁ አለ። አባቱ ሳቁ፤ በምን ስፖርት እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ ገና አላወቀውም፤ አንድ ነገር አላጣም አላቸው። የዚያ ዘመን ልጅም እንደ ዛሬው ልጅ መልስ አያጣም ነበር ማለት ነው።

የፈለገውን ለማግኘት ብዙ አልቆየም። ፓሳዴና በሚባለው ጎረቤት ከተማ ብሩክሳይድ የሚባል የሕዝብ መዋኛ ነበር። መዋኛው የነጮች ነው። ጥቁሮች፣ ሜክሲኳውያንና እስያውያን የሚገቡት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ሲሆን ያን ቀን «ዓለም አቀፍ ቀን» ብለውታል። እነዚህ ልጆች ሲዋኙ ውለው ከወጡ በኋላ ውኃው ተደፍቶ መዋኛው በአዲስ ውኃ ይሞላል። እንደ ጤና ባለሙያ ይህን ሳነብ ያናደደኝ ነገር አለ። ነገሩን የንጽሕና ጉዳይ ለማስመሰል ሞክረዋል፤ ተላላፊ በሽታ የቆዳ ቀለም አይቶ እንደማይመርጥ ግን ያኔም ይታወቅ ነበር።

በዚያች በአንድ ቀን ዕድል ሳሚ ከሰሌዳው ላይ መገለባበጥ ጀመረ። ሃርት ክራም የሚባል፣ ከእሱ የሚገዝፍ ጥቁር ጓደኛ ነበረው። ሃርት አብሮት ሰሌዳውን ሲረግጥለት ቀላሉ ሳሚ ወደ ሰማይ ይወነጨፋል፤ አንድ ተኩል ጊዜ ለመገለባበጥ የሚበቃ አየርም ያገኛል። ሳሚ ቁመቱ ካደገም በኋላ 1 ሜትር ከ60 አልሞላም። በሌላ ስፖርት ቢሆን አጭር ነህ ተብሎ የሚመለስ ልጅ ነበር፤ በአየር ላይ ለሚገለባበጥ ሰው ግን አጭርና ጠንካራ ሰውነት ፀጋ ነው።

ሌላው የሳምንቱ ቀን ሁሉ ዝግ ሲሆን ልጁ የት ይለማመዳል? እዚህ ላይ ጂም ራያን የተባለ አሠልጣኝ ይመጣል። ኃይለኛ፣ ተሳዳቢ ሰው ነበር ይባላል። ሳሚን በ1938 አየውና ያዘው። መዋኛ ስለተከለከለ በራሱ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ አሸዋ ሞላበት፤ ከዳሩ መዝለያ ሰሌዳ ተከለ። ሳሚም እየዘለለ፣ እየተገለባበጠ አሸዋ ላይ በእግሩ ማረፍ ጀመረ። የወደፊቱ የኦሎምፒክ ጀግና ውኃ ውስጥ ከገባበት ይልቅ አሸዋ ውስጥ የወደቀበት ቀን ይበዛል ማለት ነው። ይሁንና አሸዋው እግሩን አጠነከረለት፤ በኋላ ከሰሌዳ ሲነሳ ከፍ ብሎ የሚታየው ከዚህ የተነሳ እንደሆነ ይነገራል።

ጂም ራያን ቀድሞ ያሠለጠነው ሰው ለእኛ ለአፍሪካውያን ቅርብ ነው። ፋሪድ ሲማይካ የሚባል ግብፃዊ ነበር። በ1928 በአምስተርዳም ኦሎምፒክ ከማማው ዝላይ በኋላ አሸናፊው ሲማይካ ነው ተብሎ ተነገረ። ጥቂት ቆይቶ ውጤቱ ተገለበጠ፤ ግብፃዊው በጠቅላላ ነጥብ ቢበልጥም ከዳኞቹ የሚበዙት አንደኛ ያደረጉት አሜሪካዊውን ፒት ዴዣርዳንን ነው ተባለና ወርቁ ወደዚያ ሄደ። ሲማይካ በማማው ብር፣ በሰሌዳው ነሐስ ይዞ ተመለሰ። ራያን ይህን አልረሳም። ሳሚን ሲያሠለጥን ዳኛ ሊከራከርበት የማይችል ዝላይ እንዲዘልል የጠየቀው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀለሙ የተለየ ልጅ እኩል ከሆነ ሊሸነፍ ይችላል፤ አልቆ መታየት አለበት።

አሁን ወደ አባትየው ልመለስ፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሳሳኝ እሳቸው ናቸውና።

የሳሚ አባት ልጃቸው ሐኪም እንዲሆን ይመኙ ነበር። ስደተኛ ወላጅ የትም አገር አንድ ነው፤ የሀብት ዋስትና የሌለው ሰው ለልጁ የሚያወርሰው ትምህርት ብቻ ነው። ልጁ ደግሞ ሌሊትና ቀን የሚያልመው ስለ መዝለል ነው። እኛ ቤት ቢሆን ወሬው በአንድ ቃል ያልቃል፦ «ኳስህን ጣል፣ ደብተርህን ያዝ!» የሳሚ አባት ሁለቱን አላፋለሙም። ልጁ ሁለት ቃል እንዲገባ አደረጉ፤ የኦሎምፒክ አሸናፊም ሐኪምም እሆናለሁ አለ። አባትየው በልጃቸው ዝላይ ላይ በር አልዘጉም፤ ልጁም ትምህርቱን ሲያጓድል የሚጠይቀው አባት እንዳለው ያውቅ ነበር።

ሳሚ በፍራንክሊን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎበዝ ተማሪ ሆነ፤ የተማሪዎች ፕሬዚዳንት አድርገው መረጡት። ሆኖም የምረቃው ጭፈራ የተዘጋጀበት አዳራሽ ነጭ ያልሆነ ሰው አያስገባም ነበርና የተማሪዎቹ ፕሬዚዳንት ከራሱ ግብዣ ውጭ ቀረ። ከዚያ ኦክሲደንታል ኮሌጅ ገባ። በ1942 በሰሌዳም በማማም የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ቀጥሎ ነው ወላጆች ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር የመጣው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ገና ጉልበቱ በእሳት ዕድሜ ሳለ ውድድሩን አቋርጦ ወደ መጽሐፉ ዞረ። የ1940ውና የ1944ቱ ኦሎምፒኮችም በጦርነቱ ምክንያት አልተካሄዱም። ለአንድ ስፖርተኛ ወርቃማ የሚባሉት ዓመታት በሬሳ ማጥኛ ክፍልና በዋርድ ውስጥ አለፉ። በ1946 ተመልሶ በማማ ዝላይ የአገሩን ሻምፒዮንነት ወሰደ፤ በ1947 የሕክምና ዲግሪውን ጨበጠ። ከዚህ በኋላ «እሳቸው» እላለሁ።

በ1948 የለንደን ኦሎምፒክ ዶክተር ሳሚ ሊ የ28 ዓመት ሰው ናቸው። በሰሌዳው ውድድር ነሐስ አገኙ። በማማው ላይ የመጨረሻ ዝላያቸው ወደ ፊት ሦስት ጊዜ ተኩል መገለባበጥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ብዙዎች የማይደፍሩት። አንድ ሰከንድ ተኩል በማይሞላ ጊዜ ሦስት ተኩል ዙር! ውኃው ውስጥ ሲገቡ በትክክል ገቡ አልገቡ ራሳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም ይባላል፤ ብቅ ብለው የዳኞቹን ቁጥር ሲያዩ ግን ወርቁ የእሳቸው ነበር። ለአሜሪካ የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኙ የመጀመሪያው እስያዊ ዝርያ ያላቸው ወንድ ሆኑ።

«ወንድ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ከሁለት ቀን በፊት አንዲት ሴት ቀድማቸው ነበር። ቪኪ ድሬቭስ ትባላለች፤ አባቷ ፊሊፒናዊ፣ እናቷ እንግሊዛዊት፤ የዶክተር ሊም ወዳጅ ነበረች። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ዝላይ ልትማር ስትሄድ የአባቷን ስም ትታ በእናቷ ስም ካልተመዘገበች እንደማይቀበሏት ተነገራት። በዚያ ስም ተማረች። ለንደን ላይ በሰሌዳም በማማም ወርቅ ወሰደች። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህን ለልጃችሁ ንገሯት፤ የአባትን ስም መተው ምን ማለት እንደሆነ እኛ ኢትዮጵያውያን ሳይነገረን ይገባናል።

የሳሚ አባት ግን ልጃቸው ሜዳሊያ ሲያጠልቅ አላዩም፤ ቀደም ብለው አርፈው ነበር። ሁለቱም ቃሎች የተፈጸሙት እሳቸው በሌሉበት ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1952 በሄልሲንኪ ዶክተር ሊ የአሜሪካ ጦር ሜጀርና ሐኪም ሆነው ተገኙ። ልምምዳቸው ከሥራ ሰዓት የተረፈ ነበር። በፈረንጅ ኦገስት 1፣ ልክ 32ኛ ልደታቸው በዋለበት ቀን የማማውን ወርቅ ደገሙት። ወርቁን በተከታታይ ሁለት ኦሎምፒኮች ያገኘ ወንድ ከዚያ በፊት አልነበረም። የሜክሲኮው ሆአኪን ካፒላ ሁለተኛ ወጣ። በሚቀጥለው ኦሎምፒክ ወርቁን የወሰደው ይኸው ካፒላ ነው። በ1953 ደግሞ ለአሜሪካ ምርጥ አማተር ስፖርተኛ የሚሰጠውን የሱሊቫን ሽልማት ተቀበሉ።

ሽልማቱን ባገኙበት ዘመን ወደ ወላጆቻቸው አገር ወደ ኮሪያ ተላኩ፤ ከ1953 እስከ 1955 በጦር ሐኪምነት አገለገሉ። እዚህ ላይ የኮልፌ አንባቢዬ ጆሮውን ያቆማል ብዬ እገምታለሁ። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1951 ጀምሮ እዚያው ኮሪያ ተራሮች ላይ ነበሩ፤ በየሰፈራችን ከዚያ የተመለሱ አባቶችን አይተናል፤ ታሪካቸውን ሰምተናል። ከአንድ ስደተኛ ምግብ ቤት የወጣው ሐኪምና ከኢትዮጵያ የሄደው ወታደር በአንድ አገር ጉዳይ ተገናኙ።

ከኮሪያ ሲመለሱ ምን ጠበቃቸው? ጋርደን ግሮቭ በምትባል ከተማ ቤት ሊገዙ ሄዱ፤ እስያዊ በመሆናቸው አንሸጥም ተባሉ፤ አንድ ጊዜም አይደለም። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ፣ የጦር ሠራዊት ማዕረግ፣ የሕክምና ዲግሪ ያላቸው ሰው! ወሬው በጋዜጣ ሲወጣ ግን ከብዙ ሰው ድጋፍ ጎረፈላቸው፤ በመጨረሻ ቤታቸውን ገዝተው ገቡ፤ በጆሮ ሕክምናቸውም እስከ 1990 ሠርተው ጡረታ ወጡ። በ1956 የሜልቦርን ኦሎምፒክ ሲከፈት የፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ተወካይ ሆነው ሄደው ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንዲራዋን ይዛ ኦሎምፒክ የገባችው በዚያው በሜልቦርን ነው።

ከመዝለል ካቆሙ በኋላ ሌሎችን አሠለጠኑ። ቦብ ዌብስተር የተባለው ተማሪያቸው በ1960 እና በ1964 የማማውን ወርቅ ልክ እንደ እሳቸው በተከታታይ ወሰደ። ግሬግ ሉጋኒስ የሚባለውን ልጅ ገና በ11 ዓመቱ ሲዘል አይተውት ነበር፤ ለ1976ቱ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ ቤታቸው አስገብተው እንደ ልጃቸው አኖሩት። በ16 ዓመቱ በማማው ብር አገኘ፤ በኋላም በ1984 እና በ1988 አራት ወርቅ ወሰደ። በ1988 ሴኡል ላይ ሉጋኒስ ሲገለባበጥ ጭንቅላቱ ሰሌዳውን መትቶ ተሰፍቶ ነበር። ልብ በሉ፣ በዓለም ላይ ከሁሉ የላቀ የተባለው ዘላይ፣ በጠራ ውኃ፣ በተለካ ከፍታ፣ ዶክተር በአጠገቡ እያለ ነው ይህ የደረሰበት።

እንግዲህ ወደ እኛ ጉድጓዶች እንመለስ።

አገራችን በኦሎምፒክ በዳይቪንግ ተወዳድራ አታውቅም። በዋና ግን ልጆቻችን ሄደዋል፤ ያኔት ሥዩምና ሙሉዓለም ግርማ በ2012 ለንደን፣ ሮቤል ኪሮስ በ2016 ሪዮ፣ አብዱልማሊክ ሙክታር በቶኪዮ፣ ሊና ዓለማየሁ በ2024 ፓሪስ። ሮቤል በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ 1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሲወጣ፣ ዓለም ስለ ሰዓቱ ሳይሆን ስለ ሰውነቱ እያወራ ሳቀበት። አመራረጡ ላይ የተነሳው ክርክር ሌላ ጉዳይ ነው፤ የአንድን ወጣት ሆድ እያዩ መሳቅ ግን ነውር ነበር። ሁሉም በሚሮጥበት አገር እኔ የተለየ ነገር ልሞክር ያለ ልጅ ነው። በየቤታችንም እንዲህ ያለ ልጅ አለ። ወላጅ የመጀመሪያው ሳቂ ከሆነበት ሁለተኛ ነገር አይሞክርም።

ታዲያ የመዝለል ፍቅር ያለው ልጅ ያለን ወላጆች ምን እናድርግ? ጂም ራያን መዋኛ ሲያጣ አሸዋ ሞላ እንጂ ልጁን ወደ ካባ ጉድጓድ አልወሰደውም። መገለባበጥ የሚወድ ልጅ ጂምናስቲክ ወይም ሰርከስ በሚሠራበት የወጣቶች ማዕከል ፍራሽ ላይ፣ አሠልጣኝ ባለበት ይለማመድ። ዋና መማር ለሚችል ደግሞ ዋና ይማር፤ ለመዝለል መጀመሪያ መዋኘት ይቀድማል። በየሆቴሉ ያሉት መዋኛዎች አብዛኞቹ ለዝላይ የሚበቃ ጥልቀት የላቸውም። ለ10 ሜትር ማማ ውኃው 5 ሜትር ገደማ ጥልቅ መሆን አለበት፤ የሆቴሉ መዋኛ የልጃችሁን ደረት ወይም አንገት የሚደርስ ነው። እዚያ በእግር መግባት እንጂ በጭንቅላት መዝለል የለም።

ምክንያቱን እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። በሥራ ዘመኔ የመኝታ ቁስሉን የማጥብለት አንድ ወጣት ነበር። ጤነኛ፣ ትከሻው የሰፋ ልጅ ነበረ፤ በአንድ ክረምት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኩሬ ዘለለ። ውኃው የመሰለው ከአፋፉ ሲታይ ጥልቅ ነው፤ ከሥሩ ግን አንድ ክንድ ዝቅ ብሎ ድንጋይ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከደረቱ በታች አልተንቀሳቀሰም። እናቱ በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ሌሊትም። ቁስሉን ሳጥብ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ስለ ኳስ ያወራኝ ነበር፤ እናቱ በር ላይ ቆማ ታዳምጣለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭንቅላት የዘለለ ሰው ግንባሩ ወይም አናቱ መሬት ሲመታ ጭንቅላቱ ይቆማል፤ የቀረው ሰውነት ግን ከኋላ እየወረደ ነው። ያ ሁሉ ክብደት አንገት ላይ ያርፋል። የአንገት አጥንት ይሰበራል ወይም ይንሸራተታል፤ ውስጡ የሚያልፈው ሕብለ ሰረሰር ይቀጠቀጣል። ይህ እንዲደርስ ማማ አያስፈልግም፤ ከአንድ ሜትር ከፍታ ይበቃል። ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት ከአሥራዎቹ ዕድሜ ጀምሮ ያሉ ወንዶች ናቸው፤ ሰው ሲያያቸው ደፋር የሚሆኑት። የካባ ውኃ ደግሞ ደፍርሶ ከሥሩ አይታይም፤ ትናንት ጥልቅ የነበረ ዛሬ ደለል ሞልቶበታል፤ ዳሩ ቀጥ ያለ ገደል ስለሆነ የደከመ ልጅ መውጫ ያጣል። ወንዞቻችንንማ ተዉአቸው፤ ትንሹ አቃቂ የሚያወርደውን የፋብሪካና የመጸዳጃ ፍሳሽ አፍንጫችሁ ያውቀዋል።

ድንገት አደጋው ቢደርስ፣ በጭንቅላቱ ዘልሎ ያልተነሳን ልጅ ከውኃ የሚያወጣ ሰው አንገቱን እንዳያጥፍ፣ እንዳይጎትት። ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው አንድ መስመር ሆነው፣ እንደ አንድ ግንድ ተይዞ ይውጣ፤ በጠንካራ ሳንቃ ወይም በር ላይ ይተኛ። በሁለት ሰው ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በባጃጅ ታጥፎ የሚመጣው ልጅ መንገድ ላይ የሚጨመርበት ጉዳት አለ። እስትንፋስ ከሌለው ግን ከሁሉ በፊት ትንፋሽ ነው፤ አፍንጫውን ይዛችሁ አፍ ለአፍ ትንፋሽ ስጡት፤ ከዚያ ደረቱን 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ ትንፋሽ፣ ሳታቋርጡ። ውኃው ይውጣ ብሎ በእግሩ መዘቅዘቅ፣ ሆዱን መጫን የቆየ ልማዳችን ነው፤ አይጠቅምም። ጊዜ ይበላል፣ የሆዱን ትፋት ወደ ሳምባው ይወስዳል። አጠገብ ያለ ሰው 939 የእሳትና አደጋን ወይም 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስን ይደውል። ዋና የማይችል ሰው ደግሞ ልጁን ላድን ብሎ አይግባ፤ ገመድ፣ ረጅም ዱላ፣ ባዶ ጄሪካን ይወርውር። የሰጠመ ሰው እንደ ፊልሙ አይጮኽም፤ ዝም ብሎ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ከሕፃን ዓይናችሁን ወደ ስልካችሁ አታንሱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ብቻ ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በመስጠም መሞታቸውን ገምቷል።

ዶክተር ሊ የጆሮ ሐኪም ስለነበሩ ስለ ጆሮም አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ጆሮው የሚፈስ፣ ታምቡሩ የተበሳ ልጅ ውኃ ውስጥ ጭንቅላቱን ማስገባት የለበትም፤ ውኃው በቀዳዳው ገብቶ ውስጡን ይመርዘዋል። በጎኑ ውኃ ላይ ከወደቀ ወይም ጥልቅ ከገባ በኋላ ጆሮዬን አመመኝ፣ ደም መጣ፣ አልሰማም የሚል ልጅ ካለ ጆሮው ውስጥ ዘይት፣ ጤና አዳም ወይም የጡት ወተት አታድርጉበት፤ በክብሪት እንጨትም አትነካኩት። ደረቅ አድርጋችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።